ክንዴ የት እንዳለ ሲጠፋኝ

ሰላም ታዬ፣

ሦስት ጊዜ ደውለህ አላነሳሁም። ባለቤትህ መገላገሏን ሰምቼ እንኳ «እንኳን ማርያም ማረቻት» አላልኩም። መጀመሪያ ቀኝ እጄ አንገቴ ላይ ታስሮ ነበር፤ ከተፈታ በኋላ ደግሞ ዝምታዬ ስለረዘመ አፈርኩ። ይኸው ዛሬ በዚያው እጅ እየጻፍኩልህ ነው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ እለፈው።

መረብ ኳስ ስንጫወት የወለቀው ትከሻዬ ትዝ ይልሃል? ወጌሻ ጋ የወሰድከኝ አንተ ነህ። ከዚያ ወዲህ ስድስቴ ወልቋል። የመጨረሻው ታክሲ ውስጥ ነው፣ ከኋላ ወንበር ሂሳብ ልቀበል እጄን ወደኋላ ስዘረጋ!

ኦፕራሲዮን ሆንኩ። በካሜራ ገብተው ከትከሻዬ አጥንት ጉድጓድ ጠርዝ የተገነጠለውን ጅማት መልሰው ሰፉት። ባንካርት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1923 እ.ኤ.አ. የጻፈበት ጉዳት ነው፣ እስካሁንም በስሙ ይጠራል።

ከዚያ ወዲህ አልወለቀም። ክንዴ ግን ጠፋኝ። አትሳቅ። አንድ ማታ መብራት ሄዶ፣ ሻማ ላነሳ እጄን ወደ መደርደሪያው ሰደድኩ። ደርሻለሁ ስል አንድ ስንዝር ዝቅ ብዬ ኖሮ ብርጭቆውን ዘረገፍኩት። ብርሃን ካለ ዓይኔ ያርመዋል፤ በጨለማ ግን የራሴ ክንድ የሰው ይመስለኛል።

ፊዚዮቴራፒ የምታሠራኝ ልጅ ዓይኔን በጨርቅ አሰረችው። ክንዴን ታነሳና «እዚህ ጋ ነው፣ ልብ በል» ትላለች፤ ታወርደዋለች፤ «በል አሁን እዚያው መልሰው»። መለስኩት ብዬ ስኮራ 12 ዲግሪ ስቻለሁ። ግራዬ በ3 ብቻ ነው የሳተው። እንደነገረችኝ፣ መገጣጠሚያውን በሸፈነው ከረጢትና ጅማት ውስጥ ያሉ ነርቮች ክንዱ የት እንዳለ ለአንጎል ወሬ ያቀብላሉ። ጅማቱ ሲበጠስና ሲላላ ወሬው ይዛባል። ሐኪሙ ጅማቱን በአንድ ቀን ያጠብቀዋል፤ ወሬው እስኪቃና ግን ወራት ይፈጃል።

አሁን በየጠዋቱ ዓይኔን ጨፍኜ ኳስ ግድግዳ ላይ በመዳፌ አንከባልላለሁ። እናቴ አይታኝ ጠበል እንሂድ ብላለች። ባለፈው ሳምንት ስህተቴ ወደ 4 ዲግሪ ወርዷል።

ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ብታኮርፍም በሩን ክፈት። ሕፃኑን በግራዬ ነው የማቅፈው፤ ቀኙን ገና አላመንኩትም።

ያንተው፣
ግርማ