ይድረስ ለአባባ፣ ድሬዳዋ ከዚራ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነልዎ? እኛ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ሁላችንም ደህና ነን። በስልክ ስንነጋገር «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ሒሳቡ እንዳይቆጥርብሽ» ብለው ቶሎ ስለሚዘጉት፣ ሐሳቤን ሳይቆራረጥ የምነግርዎ እንደ ድሮው በወረቀት ብቻ ነው ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ልጆቹ በጣም አድገዋል። ትልቋ ቁመቷ እኔን አልፎ አባቷን ልትደርስበት ምንም አልቀራት፤ በትምህርቷም ጎበዝ ናት፣ ብቻ ምግብ ላይ ትመርጣለች። ትንሹ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን የሚማረውን ፊደል ሲያነብ «ሰ» ላይ ሲደርስ ያፏጫል፤ እኅቱ ትስቅበታለች፣ እሱም ይብስበታል። ልብሱን በየወሩ ነው የምንቀይርለት ማለት ይቻላል። የላኩለትን ሽርጥ አሁንም ለብሶት ይተኛል።

ባለፈው የፈረንጆች ገና ግብፅ እንደሄድን ነግሬዎ ነበር፤ የት እንዳረፍን ግን አልነገርኩዎትም። ባለቤቴ ሁልጊዜ «በዚህ ገንዘብ አዲስና ምቹ ሆቴል ማግኘት ስንችል ለምን አሮጌ ሕንፃ ትመርጫለሽ?» ይለኛል፤ እውነቱን ለመናገር ከሚከፈለው ግማሹ የስሙ ዋጋ ነው። ቧንቧው ሌሊቱን ሲያጉረመርም ያድራል፣ ሙቅ ውሃው እስኪመጣ ሰው ተላጭቶ ይጨርሳል። እኔ ግን ወደ ሌላ አገር በሄድን ቁጥር እነዚህን ትልልቅ የድሮ ሆቴሎች ፈልጌ እይዛለሁ። ለባለቤቴ ምክንያቴ ታሪክ ነው እለዋለሁ፤ ታሪክም አላቸው። ኢስታንቡል ያረፍንበት ፔራ ፓላስ በፈረንጅ 1890ዎቹ ለኦሪየንት ኤክስፕረስ ባቡር መንገደኞች የተሠራ ነው፤ ከጣቢያው እንግዳ የሚያመጡበት፣ ሰዎች በትከሻ የሚሸከሙት ወንበር እስከ ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ይታያል፤ አሳንሰሩም በከተማው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ አሳንሰር ነበር ይባላል፤ የቱርክ መሪ የነበሩት አታቱርክ ያርፉበት የነበረው 101 ቁጥር ክፍል ደግሞ ቤተ መዘክር ሆኗል። ከባቡር የተወለደ ሆቴል መሆኑን ሳውቅ ከባቡር በተወለደች ከተማ ላደግነው ለእኛ ባዕድ አልመሰለኝም። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ነገር ግን አሮጌዎቹን የምመርጥበት ምክንያት ይህ አይደለም። ምክንያቱ በፊት ለፊቱ በር መግባት ስለምፈልግ ነው።

አስዋን ያረፍንበት ሆቴል ኦልድ ካታራክት ይባላል። በፈረንጅ 1899 የተሠራ ነው፤ ቶማስ ኩክ የሚባለው የእንግሊዝ አስጎብኚ ድርጅት የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው ለሚመጡ ሀብታም መንገደኞች ያሠራው ሲሆን፣ ከዓባይ በላይ ቋጥኝ ላይ ቆሞ የኤለፋንታይንን ደሴት ይመለከታል። ከበረንዳው ሆነን ቁልቁል የምናየው ውሃ አብዛኛው ከእኛ አገር የሄደ መሆኑን ለልጆቹ ስነግራቸው ትንሹ «ታዲያ ለምን እንከፍላለን?» አለኝ። የመመገቢያ አዳራሹ ስም «1902» ነው፤ የመጀመሪያው የአስዋን ግድብ የተመረቀበት ዓመት ነው። ለእኔ ግን ያ ቁጥር ምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬ የደረሰበት ዓመት ስለሆነ በሩ ላይ ሳየው አያቴንና የምድር ባቡር ሰዎችን ሁሉ አሰብኩ።

ያን ምሽት የሚያስተናግዱን አሳላፊ ሸምገል ያሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። ትሪውን በጣቶቻቸው ጫፍ ከትከሻቸው ከፍ አድርገው፣ በግራ ክንዳቸው ነጭ ፎጣ አጥፈው፣ ምግቡን ከግራ አቅርበው የተበላበትን ሳህን ከቀኝ ያነሣሉ። ሹካ ሲያስተካክሉ ጣታቸው እንዳይነካው በፎጣው ጠርዝ ነበር የሚይዙት። እርስዎ እሑድ እሑድ እኔንና ታላቅ ወንድሜን በቆርቆሮ ማንኪያ እንዲሁ ሲያለማምዱን፣ እማማ «ወጥ በማንኪያ ይበላል እንዴ!» እያለች ስትስቅ ዓይኔ ላይ መጣ። ይህን ጥንቃቄ፣ ልብስን ሳይቆሽሽ መልበስን፣ ሰው ፊት ቀና ብሎ መናገርን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እንጀራዬንም በዚሁ በላሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ታዲያ እኔ ወሬ ይዤ ሳለሁ ትንሹ ከወንበሩ ወርዶ፣ ሠራተኞቹ በሚወጡበትና በሚገቡበት በር ሾልኮ ወደ ወጥ ቤት ገብቶ ኖሮ፣ ሽማግሌው አሳላፊ እጁን ይዘው፣ እየሳቁ፣ በአዳራሹ መካከል ይዘውት መጡና «የማን ልጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሰውየው ምንም ክፉ ነገር አላሰቡም። እኔ ግን ከወንበሬ ብድግ ብዬ «የእኔ ነው! የእኔ ልጅ ነው!» ስል ድምፄ ከልክ በላይ ወጥቶ በዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባለቤቴ ምን እንደነካኝ ሌሊቱን ሲጠይቀኝ አደረ። አልነገርኩትም። ለእርስዎ ግን ልንገርዎ፤ ያወቁ ይመስለኛል።

እማማ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ታናሽ ወንድሜን ልትወልድ ምጥ የያዛት ምሽት ነው። ያኔ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነበርን። አዋላጇ ጎረቤታችን «ሮጠሽ አባትሽን ጥሪ» ብለው ላኩኝ። የሚሠሩበት ሆቴል የጓሮ በር ተዘግቶ ስላገኘሁት በፊት ለፊቱ ገባሁ፤ ኮንጎ ጫማዬ አሸዋ ተሞልቶ ነበር፣ ነጠላዬንም መንገድ ላይ ጥዬዋለሁ። ፈረንጆቹ ከዛፉ ሥር እራት ይበላሉ፤ እርስዎ ነጭ ኮትዎን ለብሰው፣ ቢራቢሮ ክራቫትዎን አስረው፣ ትሪ ይዘው ቆመዋል። ኃላፊው «ይህች ደግሞ የማን ናት?» ብለው ሲጠይቁ፣ እርስዎ ወደ እኔ ሳያዩ «የሰፈር ልጅ ናት፤ መልእክት ይዛ ነው» አሉ። ከዚያም በወጥ ቤቱ በኩል ወስደው፣ ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝና በጓሮ አወጡኝ። ርቦኝ ስለነበር ዳቦውን በላሁት፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ቤተሰቡ በእንግዳ ፊት የታየ ሠራተኛ ደመወዙ እንደሚቆረጥበት እማማ በኋላ ነግራኛለች። ያ ደመወዝ ስንት ሰው ያሳድር እንደነበረም አውቃለሁ፤ አክስቴና ልጆቿ በዚያው ወራት መጥተው እኛ ላይ እንደተጨመሩ አልረሳሁም። ማወቄ ግን ነገሩን አላሻረልኝም። እርስዎ ያን ሌሊት መጥተው ኮትዎን ሰቀሉ፣ ሕፃኑን አቀፉ፣ በነጋታውም ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በተዳርኩበት ቀን እንኳ፣ ሽማግሌዎቹ «የማን ልጅ ናት?» ብለው እንደ ወጉ ሲጠይቁ፣ እኔ መልስዎን የሰማሁት በዚያች ልጅ ጆሮ ነበር።

እዚህ ላይ ሳልረሳው፦ ክረምቱ ሳይገባ የውሃውን በርሜልና ጀሪካኖቹን ሁሉ ያስከድኑ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ያ በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ የሚሉት በሽታ ድሬን ሲያዳርሳት ጉልበትዎን የያዘዎ አሁንም እንዳለቀቀዎ እየነገሩኝ፣ አጎበሩን ግን «ያፍነኛል» ብለው አጥፈው አስቀምጠዋል አሉ። የግፊቱን መድኃኒት ማታ ከሚረሱት ጠዋት ከሻይ ጋር ይውሰዱት፤ ሰዓቱን መለወጥ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን እንዲጠይቅ ለወንድሜ ነግሬዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አገሩ ሰላም ከሆነ ለከርሞ ፋሲካ ኢየሩሳሌም ልወስድዎ አስቤአለሁ። መሳለምን ከልጅነትዎ ጀምሮ ሲመኙት እንደኖሩ አውቃለሁ። የማርፈው ዴር ሱልጣን ገዳማችን ደጅ ነው እንደሚሉኝም አውቃለሁ፤ ለቅዳሴው እዚያ እናድራለን፣ ለመኝታ ግን ኪንግ ዴቪድ ሆቴል ይሆናል። ይህ ሆቴል በፈረንጅ 1931 የተከፈተ፣ በዚያው አገር ድንጋይ የተገነባ፣ ከመስኮቱ የአሮጌውን ከተማ ቅጥር የሚያሳይ ነው። በፈረንጅ 1946 በፈንጂ አንድ ጎኑ ፈርሶ 91 ሰው ያለቀበትም እሱ ነው፤ ያን ጎን መልሰው ሠርተውታል። እርስዎ ግን የሚያውቁት በሌላ ነው፦ ጃንሆይ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው፣ በድሬ አልፈው፣ ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ሃይፋ ከደረሱ በኋላ ኢየሩሳሌም ያረፉት በዚህ ሆቴል ነበር። አያቴ ያን ባቡር ሲያልፍ ቆመው እንዳዩት ስንት ጊዜ አጫውተውናል። ባቡሩ የሄደበትን መጨረሻ እርስዎ ቢያዩት ደስ ይለኛል። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሌላ ሰው ሲያስተናግድዎም ማየት እፈልጋለሁ፤ ሹካው ትክክል አልተቀመጠም ብለው ቢቆጡም እችለዋለሁ።

ይህን ለከርሞ ማለቴ ግን አስፈርቶኛል፤ የምፈራውንም ልጽፈው ነው። በቀደም ጎረቤትዎ እትዬ ደውለውልኝ ነበር፤ እባክዎ አይቆጧቸው። ከቀፊራ ገበያ ሲመለሱ፣ ዕድሜዎን ሙሉ በሄዱበት መንገድ ላይ ቤቱ ጠፍቶብዎ የባጃጅ ልጅ ይዞዎት እንደመጣ ነገሩኝ። «ሙቀቱ ነው» ብለዋቸዋል። ግንቦት ነው፣ የድሬ ሙቀት ጎልማሳውንም ያዞራል፣ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከዚያ በፊትም የእማማን ሙት ዓመት ቀን ሁለቴ ጠይቀውኛል፣ ትንሹንም በወንድሜ ስም ጠርተውታል። ደግሞ እትዬ እንዳሉኝ፣ የባጃጁ ልጅ «አባቴ፣ የማን ቤት ልውሰድዎ?» ቢልዎ፣ የእርስዎን ስም ትተው የእኔን ስም ጠርተው «የእሷ አባት ነኝ» ብለውታል። ይህን ስሰማ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ ልደሰት ይሁን ልደንግጥ እስካሁን አልለየሁትም።

ስለዚህ መጀመሪያ አዲስ አበባ ወርደው የነርቭ ሐኪም ይዩ። ወንድሜ ቀጠሮ ይይዛል፣ ቲኬቱን እኔ እልካለሁ፤ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ በመኪና ግን አይሞክሩት። በዚያው ፓስፖርትዎን ያሳድሱ፤ ለፎቶው መነጽርዎን ያውልቁ፣ ያለዚያ ይመልሱታል። ስለዚያ ምሽት የሚሉት ነገር ካለ ደግሞ በስልክ አይንገሩኝ፣ ልጆቹ አጠገቤ ይሆናሉ። ለማንም ሳያስጽፉ በራስዎ እጅ ይጻፉልኝ፤ አጭር ቢሆንም ግድ የለም። በሰኔ መጨረሻ ከድሬ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ስላለ ፖስታውን ለእትዬ ይስጧቸው። ጉዳዩ ለከርሞ እንዲቆይ አልፈልግም።

ትልቋም ትንሹም፣ ባለቤቴም እጅ ይነሣሉ።

ልጅዎ