የተላከ ፎርም ውስጥ ገብቶ የሚያስተካክል ደላላ የለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ቪዛ ፎርም ላይ ትንሽ ተሳስተው እንቅልፍ ላጡ ሰዎች ይህችን አውጡልኝ።

ዲኤስ-160 የሚባለውን የአሜሪካ ቪዛ ማመልከቻ ፎርም በኢንተርኔት ሞልቼ ላክሁ። ማታ ማረጋገጫውን ከፓስፖርቴ ጎን አድርጌ ጣቴን በቁጥሩ ላይ ሳስኬድ 68 መሆን የነበረበት 86 ሆኗል። ላብ አጠመቀኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማን ያየዋል ብዬ ዝም ማለት ነበር። በነጋታው ፎርም የሚሞላ አንድ ሰው «ሲስተሙ ውስጥ ገብቼ አስተካክልልሻለሁ» ብሎ ገንዘብ ጠየቀኝ። ልከፍለው ትንሽ ነው የቀረኝ!

ማንም አይገባም። ዲኤስ-160 አንዴ ከተላከ ይቆለፋል፣ መፍትሔው አዲስ መሙላት ነው፣ መሙላቱ ደግሞ በራሱ አያስከፍልም። ከዜሮም አይጀመርም። የድሮውን የማመልከቻ ቁጥር፣ የቤተሰብ ስም የመጀመሪያ አምስት ፊደላት፣ የትውልድ ዓመትና የምስጢር ጥያቄውን መልስ ስታስገቡ አብዛኛው መረጃ ተመልሶ ይመጣል። የተሳሳተችውን ብቻ አርማችሁ፣ ሌላውንም አንድ ጊዜ አይታችሁ ትልካላችሁ። 20 ደቂቃ ዝም ካላችሁት ግን ገጹ ይዘጋል፣ ስለዚህ በየመሃሉ ሴቭ አድርጉ።

ሰው የሚረሳው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። አዲሱ ፎርም አዲስ ቁጥር አለው። ቀጠሮ የያዛችሁበት አካውንት ላይ ያለው የድሮው ነው። ቀኑ ሳይደርስ ቀይሩት፣ ለኢንተርቪውም ሁለቱንም ማረጋገጫ ይዛችሁ ሂዱ። የሌላ አገር ፎርም ከሆነ አሠራሩ ይለያያል፣ ያስገባችሁበትን ቢሮ በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ።

አንድ ነገር ግን አደራ። «ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህ?» ለሚለው በስህተት «አይ» ያለ ሰው ጥቃቅን ስህተት ነው ብሎ እንዳያልፈው። ሆን ብሎ መዋሸት በአሜሪካ ሕግ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል፣ ስህተት መሆኑን የሚያሳየው ደግሞ ሳይጠየቁ ቀድሞ ማረም ነው።

የኔን ቆንስሉ ሁለቱንም ወረቀት አየና «ትክክለኛው ይሄኛው ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ሳምንት ሙሉ እህል ያስጠላኝ ነገር በቃ ይኸው ነበር።

ከቻላችሁ ደብዳቤዬን «ቪዛ እናስጨርሳለን» ከሚሉት ማስታወቂያዎች አጠገብ አውጡት።

አንባቢያችሁ