ቡፌህ ላይ ስላለው ውስኪ

ወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ እናትህ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ደሴም ብርዷን እንደያዘች አለች።

ስንት ዘመን ተጠፋፋን! መንገዱ ሲዘጋ፣ ስልኩ ሲቋረጥ፣ ኑሮው ሲከብድ፣ እንዲሁ ዝም እንዳልን ቀረን። አንተን ግን ከአፌ ለይቼህ አላውቅም። ሰሞኑን ካንተ ዘንድ የመጣውን ጓደኛችንን ፒያሳ አገኘሁትና ስላንተ ሲያጫውተኝ አመሸ። በመሀል፣ ለሰርግህ የሰጠንህ ውስኪ እስካሁን ሳይከፈት ቡፌህ ላይ እንዳለ ነገረኝ። እስክሪብቶ ያስነሳኝ ይኼ ነው።

ክፈተው። ውስኪ የሚበስለው በርሜል ውስጥ ነው። ጠርሙስ ከገባ በኋላ ዕድሜ አይጨምርም። ላዩ ላይ 12 ዓመት ከተባለ፣ ቡፌ ላይ ሌላ 12 ዓመት ብታስቀምጠውም ያው 12 ነው።

ደረቁን እንደማትወደው አውቃለሁ። ኮካ ሲጨመርበት ደግሞ የሚቀመሰው ኮካው ብቻ ይሆናል። እኔ ቤት የምሠራው ኦልድ ፋሽንድ የሚባለውን ኮክቴል ነው። እ.ኤ.አ. በ1806 ኒውዮርክ ግዛት የወጣ አንድ ጋዜጣ ኮክቴል በምን እንደሚሠራ ሲዘረዝር፣ አልኮል፣ ስኳር፣ ውሃና መራራ ቅመም ነው ያለው። ይኼኛው እስከ ዛሬ ከዚያ ብዙም አልራቀም። የተጨመረበት የብርቱካን ልጣጭ ነው። ለእኔ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ልጣጭ ላይ ነው።

ብርቱካኑን ጨምቀህ እንዳትጨምርበት አደራ። ጭማቂው ውስኪውን ያቀጥነዋል። መዓዛው ያለው ቆዳው ውስጥ ባለው ዘይት ነው። ብርቱካኑን በደንብ እጠበው። በሹል ቢላ የአውራ ጣት የሚያህል ልጣጭ ስስ አድርገህ አንሳ። ነጩ ክፍል ይመራልና ቢላው ወደ እሱ አይግባ። ከዚያ ውጪውን ወደ ብርጭቆው አዙረህ ልጣጩን እጠፈው። ዘይቱ ብን ብሎ መጠጡ ላይ ሲያርፍ ቤቱ ሁሉ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። የብርጭቆውን አፍ በልጣጩ አሸት አድርግና ውስጡ ጣለው። እኛ ሰኞ ገበያ የምንገዛው ብርቱካን ብዙ ጊዜ ቆዳው አረንጓዴ ነው፤ አትናቀው። በቆላ ሌሊቱ ስለማይቀዘቅዝ ብርቱካን ውስጡ በስሎም ቆዳው አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። መዓዛው ግን ሙሉ ነው። ትርንጎ ካገኘህማ በልጣጩ ሞክረው፤ እኔ ከብርቱካን አስበልጠዋለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወፍራም ብርጭቆ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ጨምር። ሁለት ሦስት ጠብታ ቢተርስ፣ ያን መራራ ቅመም፣ አድርግበትና ስኳሩ እስኪሟሟ አማስል። ስኳር አልኮል ውስጥ ቶሎ አይሟሟም፤ ውሃው የሚቀድመው ለዚህ ነው። 60 ሚሊ ሊትር ውስኪ ጨምር፣ በረዶ አግባበት፣ ቀስ እያልክ ግማሽ ደቂቃ ያህል አማስለው። ልጣጩ መጨረሻ ነው። ባህሉ ቡርቦን የሚባለው የአሜሪካ ውስኪ ነው፣ ቢያንስ 51 በመቶ ከበቆሎ የሚሠራው። ባንተ ስኮች፣ በስኮትላንዱ ውስኪ፣ ቢሆንም ያምራል፤ ስኳሩን ብቻ ቀነስ አድርግ።

በረዶው ትልቅ ይሁን። ትልቅ በረዶ ቀስ ብሎ ይቀልጣል፣ መጠጡም ቶሎ ውሃ አይሆንም። እኔ ውሃ በቡና ስኒ አስቀምጬ ነው የማስበርደው። ደሴ ላይ አንዱ ይበቃል። ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ስሠራው ግን ሙቀቱ አያስቀምጥምና ቶሎ መጠጣት ነው።

ቢተርሱ ያስቸግርህ ይሆናል። ታዋቂው አንጎስቱራ ነው። ዮሃን ዚገርት የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1824 ቬንዝዌላ ውስጥ ለሆድ መድኃኒት ብሎ የሠራው ነው። እዚህ ባጣው ጊዜ የራሴን ሠራሁ። ግማሽ ብርጭቆ ቮድካ ውስጥ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ፣ ትንሽ ቀረፋ፣ ጥቂት ቅርንፉድ፣ አንድ የተፈጨ ኮረሪማ አደርጋለሁ። ለመራራነቱ ጌሾ ቅጠል በጣት ቆንጥሬ እጨምርበታለሁ። ሳምንት ያህል በየቀኑ እየናጡ ማቆየትና በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ነው። ጌሾውን አታብዛ፤ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ኮረሪማው ከውስኪው ጋር እንዴት እንደሚስማማ ስትቀምሰው ትረዳኛለህ።

አሜሪካኖቹ ከጊዜ በኋላ ብርቱካንና ቼሪ ብርጭቆው ውስጥ መጨፍለቅ ጀምረዋል። ለቼሪው አጋም አለን። የበሰለ አጋም በስኳር ውሃ ትንሽ ቀቅለህ በጠርሙስ አስቀምጥ፤ ሁለት ፍሬ ከሽሮፑ ጋር ጣል ስታደርግበት ቀለሙም ጣዕሙም ይለወጣል። የኮክ ወቅት ሲሆን ደግሞ አንድ ቁራጭ የበሰለ ኮክ ከስኳሩ ጋር በማንኪያ ጀርባ ጨፍልቀህ ጀምር። ባለቤቴ የምትወደው ይኼንን ነው። እኔ ግን ልጣጭ ብቻ ያለውን እመርጣለሁ።

እኛ ቤት መቼም የማይጠጣ ወዳጅ አይጠፋም። ወሎ አይደለን! አንዱ ብርጭቆ ይዞ ሌላው ባዶ እጁን ሲቀመጥ ማየት አልወድም። ለእነሱ ሻይ ወፈር አድርጌ በቅርንፉድ አፍልቼ አቀዘቅዛለሁ። የአጋም ሽሮፕ፣ ትልቁ በረዶ፣ የብርቱካን ልጣጭ፤ ልክ እንደ ሌላው በወፍራም ብርጭቆ። ቢተርስ አይገባበትም፣ አልኮል አለውና። የጎረቤታችን ልጅ ለዒድ ቤታቸው እንድሠራላቸው ጠርታኝ፣ ሙሉ ማሰሮ አልቆ ተደገመ።

ለፋሲካ ልመጣ አስቤያለሁ። ቢተርሱንና አጋሙን እኔ ይዤ እመጣለሁ። ብርቱካኑን ካንተ፣ በረዶውንም ከዋዜማው አስቀምጥ። የድሮው ቁጥሬ አሁን ይሠራል፤ ደብዳቤው እንደደረሰህ ደውልልኝ። እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ያንተው
ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ