ጉማሬው እንቅልፉ አልመጣም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የዱር እንስሳት ፎቶ በጋዜጣ ሲወጣ ደስ ይላል፤ ከሥሩ የሚጻፈው መግለጫ ግን ብዙ ጊዜ እንስሳው ያላደረገውን ይናገራል። አፉን የበረገደ ጉማሬ «እንቅልፍ ተጫጭኖት» ይባላል። ጉማሬ ክራንቻውን እንዲያ ሲያሳይ አብዛኛውን ጊዜ እያስፈራራ ነው፤ ወንድ ዝንጀሮም ተቀናቃኙ ፊት የሚያዛጋው ለዚሁ ነው። ቺምፓንዚ ጥርሱን ገጥሞ ከንፈሩን ወደ ኋላ ሲስብ ደግሞ «ፈገግ አለ» እንላለን፤ በአብዛኛው ግን የፈራ ነው። ሲጫወት አፉ ላላ ብሎ ይከፈታል፣ የላይኛው ጥርሱም በከንፈሩ ተሸፍኖ ይቀራል።

አንድ ፎቶ የሰከንድ ሽራፊ ስለሆነ በፊትና በኋላ የሆነውን አይናገርም። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ከማንሳቱ በፊት አንድ እንስሳ መርጦ አሥር ደቂቃ ያህል ይከታተል፤ ምን እየሠራ እንደሆነና ማን አጠገቡ እንዳለ በየደቂቃው ይጻፍ። ዓይኑን የሳበውን ብቻ ከመዘገበ ማስታወሻው በጠብና በአደን ይሞላል፤ የአብዛኞቹ እንስሳት ቀን ግን በመብላትና በማረፍ ነው የሚያልቀው።

የሌንሱም ጣጣ አለ። ከሩቅ ሆኖ የራቀውን አቅርቦ በሚያሳይ በ400 ወይም በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲነሳ ከፊትና ከኋላ ያሉት የተቀራረቡ ይመስላሉ። በመካከላቸው ሃምሳ ሜትር ያለ አንበሳና የሜዳ አህያ ጎን ለጎን የቆሙ ያህል ይታያሉ፤ «ሊዘልባት ሲል» የሚለው መግለጫም ከዚሁ ይወለዳል።

ቀትር ላይ ከሞቀ መሬት የሚነሳው አየር ስለሚርገበገብ የሩቅ ፎቶ ይደበዝዛል፤ ውድ ሌንስም አያድነውም፣ ማለዳ መውጣት ነው። ለሚራመድ እንስሳ 1/500 ሰከንድ የሻተር ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ይበቃል፤ ለሚሮጥ 1/1000፣ ለሚበር ወፍ 1/2000 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ብርሃን ካነሰ አይኤስኦውን (የካሜራውን ለብርሃን የመንቃት መጠን) ከፍ ማድረግ ይሻላል። ይህ በፎቶው ላይ የሚያመጣው ነጠብጣብ በኋላ ይቀነሳል፤ በእንቅስቃሴ የደበዘዘ ዓይን ግን አይስተካከልም።

ከሁሉ የሚከፋው አቀራረብ ላይ የሚሠራው ጥፋት ነው። የሚግጥ እንስሳ ማኘኩን አቁሞ ቀና ካለና ጆሮውን ወደ ሰው ካቀና፣ አይቷል ማለት ነው። እዚያው ቆሞ ወደ ግጦሹ እስኪመለስ መጠበቅ፤ ደጋግሞ ቀና ካለም ወደ ኋላ ማፈግፈግ ያስፈልጋል። አልፎ የሚጠጋ ሰው የሚያነሳው ራሱ ያመጣውን ድንጋጤ ነው፤ እንዲህ ያለውን ፎቶ «የተፈጥሮ ባሕርይ» ብሎ ማተም አንባቢን ማሳሳት ነው። የወፍ ጎጆ ለማሳየት ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ደግሞ እንቁላሉ ለፀሐይና ለአዳኝ ይጋለጣል፤ እናቲቱ ደንግጣ ከራቀችም ይቀዘቅዛል። በበኩሌ በቅርብ የተነሳ የጎጆ ፎቶ ጭራሽ ባይወጣ እመርጣለሁ።

ዝግጅት ክፍሉ ፎቶ ሲቀበል የተነሳበትን ሰዓት፣ የሌንሱን ርዝመት (ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ)፣ ግምታዊ ርቀቱንና ከሱ በፊትና በኋላ የተነሱ ሁለት ሦስት ፎቶዎችን አብሮ ቢጠይቅ አብዛኛው ስህተት ከመታተሙ በፊት ይያዛል። በድረ ገጽ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የጂፒኤስ (ፎቶው የተነሳበት ቦታ) መረጃ አስቀድሞ ይጥፋ፤ አውራሪስን ለቀንዱ የሚያድን ሰው ያለበትን ቦታ ከዚያ ላይ ማንበብ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዱር እንስሳት ፎቶ አንሺ