ፎቶ የሌላቸው ረቡዖች፦ የበጎ አገልግሎት ክበባችን የ2017 ዓ.ም. ውሎ

የመጽሔቱ አዘጋጆች «የክበቡን ሥራ የሚያሳይ ፎቶ ይዘው ይምጡ» ብለውኝ ስልኬን ብፈትሽ ያገኘሁት ሁሉ የቅዳሜ ነው። ጓንት ያጠለቁ ልጆች በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ የውኃ ኮዳ፣ መጥረጊያ እንደ ጠመንጃ የተሸከመ አንድ ቀልደኛ። የረቡዕ ፎቶ አንድም የለም። ቢኖርስ ምን ያሳያል? አሥር ሰዓት ላይ ዴስኮቹን ገፋ ገፋ አድርገው ክብ ሠርተው የተቀመጡ ተማሪዎች፣ መሐላቸው አንድ የቆሎ ጣሳና አንድ ፔርሙስ ሻይ። በመስኮት ያየ ሰው «እነዚህ ደግሞ ሥራ ፈቶች ናቸው» ብሎ ያልፋል። አልፎናልም፤ ስሙን አልናገርም እንጂ መምህራን ክፍል ውስጥ አብሮኝ ቡና የሚጠጣ ሰው ነው።

እኔ ግን የዓመቱን ዘገባ ልጽፍ ስቀመጥ ብዕሬ የሚሄደው ወደ ረቡዕ ነው።

አምና ክበቡ በወረቀት ላይ ነበር። ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ዓመታዊ ዕቅዱ በሦስት ቅጂ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ደግሞ የተጠሪ መምህሩ፣ ማለትም የእኔ ፊርማ። ስብሰባ የሚጠራው ዘመቻ ሲመጣ ብቻ ነበር። ጠዋት በሰልፍ ላይ በማይክ «የበጎ አገልግሎት ክበብ አባላት ከሰልፍ በኋላ ትቆያላችሁ» ይባላል፤ ይቆማሉ፤ ሦስት ደቂቃ እናገራለሁ፤ ይበተናሉ። ግንቦት ላይ ግቢ ስናጸዳ አንዷ ሌላውን «አንተ ባለ ቀይ ሹራብ፣ ያንን ጫፍ ያዝልኝ» ስትለው ሰማሁ። ዓመት ሙሉ በአንድ መዝገብ ላይ የተጻፉ ልጆች ስም ለስም አይተዋወቁም ነበር። አፈርኩ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ሮታሪ የሚባለው የበጎ አገልግሎት ማኅበር አባል የሆኑ የአንድ ተማሪያችን አባት ወደ ሳምንታዊ ስብሰባቸው ጋበዙኝ። የሄድኩት፣ አልዋሽም፣ የሆነ ነገር ይለግሱን እንደሆነ ብዬ ነው። ስብሰባው ሲጀመር ግን ሪፖርት ያነበበ የለም። መጀመሪያ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተሳሳቁ። አንዱ ልጄ ተመረቀችልኝ ብሎ ሣጥን ውስጥ ብር ጨመረ፤ ሌላው ደግሞ ወር ሙሉ ጋራዥ የቆመች መኪናዬ ወጣችልኝ ብሎ ጨመረ። ጋባዤን ምንድን ነው ብላቸው «ደስ ያለው ይከፍላል» አሉኝ። ጉዳይ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ሁሉ ሲሳሳቅ የቆየ ሰው ሥራ ለመከፋፈል አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ገንዘብ ፍለጋ ሄጄ የስብሰባ አመል ይዤ ተመለስኩ።

በጥቅምት የመጀመሪያው ረቡዕ ይህንኑ ለልጆቹ ነገርኳቸው። ሮታሪን እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ላይ የጀመረው ፖል ሃሪስ የሚባል ጠበቃ ነው፤ ከትንሽ ከተማ መጥቶ በትልቁ ከተማ ወዳጅ ያጣ ሰው። አብረውት የነበሩት ሦስት ሲሆኑ አንዱ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ፣ አንዱ የማዕድን መሐንዲስ፣ አንዱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በየተራ አንዱ በሌላው ቢሮ እየዞሩ ይሰበሰቡ ስለነበር ስሙም ከዚያው ከመዞሩ ወጣ። ለከተማው የመጀመሪያውን ሥራ የሠሩት ሁለት ዓመት ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት። እዚህ ላይ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እነዚሁ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የፖሊዮን ክትባት በዓለም ዙሪያ ሲደግፉ መኖራቸውን፣ አፍሪካም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2020 ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መባሏን ስነግራቸው ግን ሳቁ ቀዝቀዝ አለ።

ከኋላ የተቀመጠች የአሥረኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይሄ የእናቴ ማኅበር አይደል እንዴ? በየወሩ በየቤቱ ይዞራል፣ ይበላል፣ የቀረ ይጠየቃል፣ የታመመ ይጎበኛል።»

ነው እንጂ። እኔ ሮታሪ ጋ ሄጄ የተማርኩትን የልጅቷ እናት ጽዋ እያነሡ ኖረውታል። ልዩነቱ እነሱ ወር ሲጠብቁ እኛ ሳምንት መጠበቃችን ብቻ ነው። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ኢንተራክት የሚባል የሮታሪ ክበብ እንዳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ፍሎሪዳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደተጀመረ ስጨምርላቸው «እንመዝገባ!» አሉ። ቅድሚያ ስማችሁን ተዋወቁ አልኳቸው።

እንዲህ ሆኖ ረቡዕ ተጀመረ። የቆሎ ተረኛ በዕጣ ይወጣል። ደስ ያለው አንድ ብር ጣሳ ውስጥ ይጨምራል፤ ያንን «የደስታ ብር» አሉት። መጀመሪያ አካባቢ ደስታቸው ሁሉ የፈተና ውጤትና የእግር ኳስ ነበር። ኅዳር ላይ አንድ ዝምተኛ ልጅ ተነሥቶ «አባቴ ከሆስፒታል ወጣ» ብሎ አንድ ብር ጨመረ። አባቱ መታመማቸውን ማንም አያውቅም ነበር። በዚያ ሳምንት ሰባት ልጆች ሄደው አባቱን ጠየቋቸው። አጀንዳ አልተያዘም፣ ድምፅ አልተሰጠም።

ቅጣት ያመጣነው ደግሞ ከእድር ነው፤ ያረፈደ ሁለት ብር። አልሠራም። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሦስት ጊዜ ተቀጥቶ በአራተኛው ጠፋ። ሲጣራ ታናሽ እህቱን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ጥቁር ውኃ መስመር ቤት አድርሶ ነው የሚመለሰው። ለባጃጁም ለቅጣቱም ከየት ያምጣ? ቅጣቱ በዚያው ተነሣና «ያረፈደ እንቆቅልሽ ያምጣ» ተባለ። እንደ ደንቡ ነው፤ መላሽ ከጠፋ «አገር ስጡኝ» ይላል፣ ይሰጠዋል። ልጁ ተመለሰ፤ እህቱን ማድረሱን አልተወምና ማርፈዱንም አልተወም። ሰኔ ሲደርስ አዳማን፣ ድሬዳዋን፣ ጎንደርን፣ አርባ ምንጭን ከነአዞዎቿ ወስዶ ነበር። ሐዋሳን ግን ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ከለከለው።

ከእሱ እንቆቅልሾች አንዱ ዓመቱን ቀየረው። «ስትቀበል እንጂ ስትመልስ የማትታይ?» አለ። ባንክ አሉ፣ ዕቁብ ሰብሳቢ አሉ፣ አንዱ ጨክኖ የአክስቱን ስም ጠራ። አገር ከተሰጠው በኋላ መልሱን ተናገረ፤ ሐይቃችን። አባቱ ዓሣ አጥማጅ የሆነ ሌላ ልጅ «ዓሣውንስ ማን ይሰጠናል?» ብሎ ተቆጣ። ክርክሩ ሲጦፍ የጂኦግራፊ መምህር ነኝና ገባሁበት። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባባታል፤ ከእሷ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውኃው በፀሐይ ተንኖ ይሄዳል፣ ይዞት የመጣው ይቀራል። ሌላ ሐይቅ ቢሆን ጎርፍ ጠርጎ የሚያወጣውን ቆሻሻ የእኛዋ ይዛ ትቀመጣለች። ይህንን በክፍል ውስጥ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ! ፈተና ላይ ይጽፉታል፣ ይረሱታል። ያን ዕለት ግን ዝም ብለው ቆዩና ሰብሳቢዋ «ታዲያ ቅዳሜ አሞራ ገደል ለምን አንሄድም?» አለች።

ወደ ዓሣ ገበያው ሄድን። ያንንም፣ ከዚያ በኋላ ያሉትንም ቅዳሜዎች ፎቶዎቹ ስለሚናገሩ አላበዛም። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከዓሣ ሆድ ዕቃ ጋር ፌስታል እየጎተተ ሊውጥ ሲታገል ያዩ ልጆች ስለ ፕላስቲክ ሌላ ስብከት አላስፈለጋቸውም። ዓሣ የሚበልቱት ወጣቶች መጀመሪያ ሳቁብን፤ በሦስተኛው ቅዳሜ የራሳቸውን ጥግ ጠርገው ጠበቁን፤ የዓሣ ሾርባም ጋበዙን። የቆሻሻ በርሜል እንሰጣችኋለን ያለን መሥሪያ ቤት ግን ደብዳቤ አስገቡ አለን፣ አስገባን፤ ማኅተሙ አይታይም አለን፣ አሳይተን አስገባን፤ ይኸው ክረምት ገባ፣ በርሜሉ ገና በመንገድ ላይ ነው።

አለመስማማትም ነበር፤ እሱን መደበቅ አልፈልግም። ጥር ላይ የደስታው ብር ለምን ይዋል በሚል ሁለት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ወገን ለተቸገሩ ተማሪዎች ደብተር ይገዛ ሲል፣ ሌላው ትምህርት ቤቱ አጠገብ ብቻቸውን ለሚኖሩ አንዲት እናት ዱቄትና ሳሙና ይገዛ አለ። ድምፅ እንስጥ ሲባል አንድ የሲዳማ ልጅ ተቃወመ። «በአያቴ አገር ነገር ሲኖር አፊኒ ይባላል። ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። ሁሉም ሳይሰማና ሳይናገር አይወሰንም።» ያን ረቡዕ ድምፅ አልተሰጠም፤ በሚቀጥለውም አልተሰጠም። እኔ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። በሦስተኛው የደብተሩ ወገን መሪ ራሱ «ሴትየዋን ትናንት አየኋቸው፤ ዱቄቱ ይቅደም» አለ። በዓመቱ ውስጥ ተናድጄ ክፍል ጥዬ የወጣሁት አንድ ቀን ቢኖር ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ልጆቹ ከእኔ ይሻላሉ።

ዱቄቱ ላይ አንድ ነጋዴ ግማሹን ልቻል አለ። ደስ አለን። ከዚያ የድርጅቱን ባነር ይዞ፣ ዱቄቱን ለእናታችን ስናስረክብ ፎቶ እንዲነሣለት ጠየቀ። ከሮታሪ ያመጣኋቸው አራት ጥያቄዎች ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ኸርበርት ቴይለር የሚባል ሰው ሊከስር የደረሰ ድርጅት ተረክቦ ለሠራተኞቹ ያወጣቸው ናቸው፦ እውነት ነው ወይ? ለሚመለከታቸው ሁሉ ፍትሐዊ ነው ወይ? ወዳጅነትን ይገነባል ወይ? ለሁሉም ይጠቅማል ወይ? እውነቱን ለመናገር ለግድግዳ ጌጥ ብዬ ነበር የለጠፍኳቸው። ያቺው የ«እናቴ ማኅበር» ልጅ ሁለተኛውን አነበበችና «የሚመለከታቸውማ እሳቸው ናቸው፤ ማን ጠየቃቸው?» አለች።

ሁለት ልጆች ተልከው ጠየቋቸው። እናታችን ፎቶውን ወደዱት። «ፎቶ ከሆነማ ነጠላዬን ልቀይር። አንሡኝ፤ ዱቄቱን ግን አታሳዩ፣ የልጅ ልጆቼ ያያሉ» አሉ። ነጋዴው ቅር ተሰኝቶ ድርሻውን ወሰደ፤ ዱቄቱም በግማሽ ቀነሰ። በዚህ ገጽ ላይ የምታዩት፣ ነጭ ነጠላ ለብሰው በልጆች መሐል የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። ዱቄቱ ከበሩ ኋላ ነው።

የካቲት አስቸጋሪ ነበር። ዐቢይ ጾም 17 ላይ ገባ፣ ረመዳን ደግሞ 22 ላይ ተከተለው። አሥር ሰዓት ላይ ክርስቲያኑ የጾም ቆሎውን መብላት ይችላል፤ ሙስሊሙ እስከ ማፍጠሪያው ይጠብቃል። አንዱ የሙስሊም ልጅ «እናንተ ብሉ፣ ግድ የለም» ብሎ ነበር። ማንም አልበላም። ጣሳው እስከ ኢድ ተከደነ፤ ተረኛው ግን ተራውን እንዳያልፍ ቆሎውን እያመጣ በከረጢት ያጠራቅም ተባለ። ከኢድ በኋላ ባለው ረቡዕ ሲከፈት በልተን የማንጨርሰው ሆነ። ትርፉን ለእናታችን ወሰዱላቸው። «ልጆቼ፣ ከቆሎው ጋር ጥርስም አምጡልኝ» ብለው መለሷቸው። ልጆቹ ኦቾሎኒውን ለቅመው፣ ገብሱን ወፍጮ ቤት አስፈጭተው በሶ አድርገው ተመለሱ። ኦቾሎኒው የት ገባ ለሚለው ቃለ ጉባኤው መልስ የለውም።

ከፋሲካ ወዲህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አባላት ለብሔራዊ ፈተናው ዝግጅት ሳሱ። መምጣት ግዴታ አይደለም ብያቸው ነበር፤ ሁለቱ ግን ሞዴል ፈተና ተፈትነው በወጡበት ረቡዕ ሳይቀር መጥተው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። ሰብሳቢነቱ ለአሥረኛዋ ልጅ ተላልፏል። ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ዘግቶ 17 ብር አስረክቧል፤ ከዚህ ውስጥ አንዷ ብር ጥጓ የተቀደደ ስለሆነች ባለ ሱቁ አልቀበልም ብሏታል።

በሰኔው የመጨረሻ ረቡዕ ባለ አገሩ ልጅ እንደ ልማዱ አርፍዶ ገባ። ይዞት የመጣው ግን እንቆቅልሽ አልነበረም፤ እህቱን ነው። ቤት ማድረሱን ትቶ በቀጥታ አምጥቷት ነበር። ከቆሎው ጎን አስቀመጧት፤ ከማንም በላይ በላች።

ጣሳው አሁን እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ክዳኑ ጠፍቷል፤ ያገኘ ይመልስ። በአዲሱ ዓመት መመዝገብ የምትፈልጉ ረቡዕ አሥር ሰዓት ኑ። የመጀመሪያው የቆሎ ተረኛ በዕጣ ወጥቷል፤ እኔ ነኝ።