ወንድምዓለም፣ የሣሩን አረም ጠይቀኸኝ ነበር

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከረምህ? እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬን ወገቧ ተሻላት ወይ?

ባለፈው በቪዲዮ ስንደዋወል ግቢው ውስጥ ተንበርክኬ ስቆፍር አይተህ «ቶሮንቶም አረም አለ እንዴ?» ብለኸኝ መስመሩ ተቋረጠ። አለ፣ ወንድሜ። ዳንዴላዮን ይባላል። ቅጠሉ ጥርስ ጥርስ ያለው ነው፣ መሬት ላይ ተለጥፎ ይተኛል፣ ከመሐሉ ቢጫ አበባ ያወጣል። ግንቦት ላይ መናፈሻው፣ የመንገዱ ዳር፣ የሰው ግቢ ሁሉ ቢጫ በቢጫ ነው። አዲስ ሰው ካየው ሆን ተብሎ የተተከለ ነው የሚመስለው። ከዚያ አበባው ይከደንና ነጭ ሆኖ ይከፈታል፤ አንዱ ራስ ብቻ ከመቶ በላይ ዘር ይይዛል፣ ነፋስ ሲመጣ ዘሩ በነጭ ጭራው ተንጠልጥሎ አጥር ይሻገራል።

ዋናው ጣጣ ግን ሥሩ ነው። አንድ ወፍራም ሥር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስንዝር የሚያልፍ አለ፣ ክንድ የሚጠጋም አለ። ቅጠሉን ይዘህ ስትጎትት ቀጭ ብሎ ከላይ ይበጠሳል፣ እጅህ ላይ ነጭ ወተት ብቻ ይቀራል። ሰርዶን አስበው፣ ቁራጩ ከቀረ ተመልሶ ይነሳ የለ? ይሄም እንደዚያው ነው፤ ያውም አንዱ ሁለት ሦስት ራስ ሆኖ። በማሽን ማጨድ አያጠፋውም፣ ቅጠሉ ስለተኛ ስለቱ ከላዩ ነው የሚያልፈው።

እኔ ዝናብ ጥሎ ባደረ ማግስት ነው የምወጣው። የደረቀ መሬት ላይ ልፋት ብቻ ነው። ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ረጅም መንቀያ አለኝ፤ ከሥሩ ጎን ወደ ታች አስገብቼ ዙሪያውን አፈሩን እፈነቅላለሁ፣ ከዚያ ቅጠሉን ሰብስቤ ይዤ ቀስ እያልኩ እስባለሁ። ሥሩ ሳይበጠስ እስከ ጫፉ ሲወጣልኝ፣ እውነቴን ነው፣ ቀኔ ያምራል። አበባ የያዘውን እዚያው አልጥለውም፤ ተነቅሎም ዘሩን ያበስላል። ከረጢት ውስጥ ከትቼ ከግቢ አስወጣዋለሁ።

ጉድጓዱ ባዶውን ከቀረ ሌላ አረም ይገባበታል። ስለዚህ አፈር ሞልቼ የሣር ዘር እበትንበታለሁ። ጥሩው ጊዜ አሁን ነው፣ መሬቱ ሙቀቱን ሳይለቅ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል። ከምበትነው ዘር አንዱ ፌስኪው ይባላል፣ መንዞች ቤት የሚከድኑበት የጓሳ ሣር ዘመድ ነው፤ ይህን ሳውቅ ግቢዬን ይበልጥ ወደድኩት። ሳጭድም ወደ 8 ሳንቲሜትር አስቀራለሁ። ረዘም ያለ ሣር መሬቱን ያጠላዋል፣ የዳንዴላዮን ዘር ደግሞ ብርሃን ካጣ በደንብ አይበቅልም። ሣሩን ከሥሩ የሚላጨው ሰው ግቢ ነው ቶሎ በአረም የሚሞላው።

መድኃኒት የለውም ወይ ትለኛለህ። አንተም ታውቀዋለህ፣ ጅሩ ላይ ስንዴ የምትረጩት ቱፎርዲ ነው። ቅጠለ ሰፊውን ይገድላል፣ ሣር የሆነውን ይተዋል፤ ስንዴውና ጤፉ የሚተርፉትም ለዚሁ ነው። ቶሮንቶ ያለችበት ክፍለ ሀገር ኦንታሪዮ ግን በነሱ አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ ለግቢ ማሳመሪያ መርጨት ተከልክሏል፣ ለእርሻ ነው የተፈቀደው። ለግቢ የሚሸጠው ብረት ያለበት ፈሳሽ ነው። ቅጠሉን ቶሎ ያጠቁረዋል፣ ሥሩ ግን ብዙ ጊዜ ስለሚተርፍ መደጋገም ይፈልጋል። እኔ መንቀያዬን እመርጣለሁ።

የቱፎርዲን ነገር ካነሳሁ አንድ ነገር ልለምንህ። እናንተ ጋ ስንዴውና ባቄላው ጎን ለጎን ነው። ባቄላም ምስርም ቅጠለ ሰፊ ናቸው፤ ነፋስ ጠብታውን ከወሰደባቸው ቅጠላቸው ይጠማዘዛል፣ የሚጎዳው ደግሞ የጎረቤትህ ማሳ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ጨርስ። በዚያው መርጫ ሌላ ነገር ከመርጨትህ በፊት ደጋግመህ እጠበው፣ ትንሽ ቅሪት ባቄላ ለማበላሸት ይበቃል። የመድኃኒቱን ጀሪካን ደግሞ ብታጥቡትም ውሃ መቅጃ እንዳታደርጉት፤ በስተህ ቅበረው። የረጨህበትን ልብስ ከልጆቹ ልብስ ጋር አንድ ላይ እንዳያጥቡት።

በላክልኝ ፎቶ ላይ በነጠላ ጫማ፣ በባዶ እጅህ መርጫውን አዝለህ አየሁህ። በጣም ነው የደነገጥኩት። ጥቅምት ላይ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው አለ፣ ጓንት፣ የአፍንጫ መሸፈኛና ቦቲ እልክልሃለሁ። የእግርህን ቁጥር ቶሎ ጻፍልኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ።

ወንድምህ
ከቶሮንቶ