ሞተር ስትቀይሩ የትኛው ፋን ይሁን?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ሞተር ሊያስቀይር ወደ ጋራዣችን የሚመጣ ሰው አብዛኛው የሚለን አንድ ነው። «በቺንጋ የሚዞረውን ፋን አውጡልኝና የኤሌክትሪክ ግጠሙልኝ።» ፋን የምንለው ራዲያተሩን በነፋስ የሚያቀዘቅዘውን ነው፣ ቺንጋ ደግሞ ሞተሩ የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ። ነዳጅ ይቆጥባል ተብሎ ተወርቷል። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለውን መኪና አድሶ መያዝ ስለበዛ ይሄ ጉዳይ የብዙዎቻችሁ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምናስረዳ ለሁላችሁም እንጻፍ ብለን ነው።

መኪናው የት እንደሚሠራ ሳንጠይቅ ፋን አንመርጥም። ደህና የሚሠራ የቺንጋ ፋን ደግሞ ያለ ምክንያት አናወጣም።

የቺንጋው ፋን ከሞተሩ ጋር ነው የሚሮጠው። ሞተሩ ሲጮህ እሱም ይፈጥናል። ከአባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን ጭኖ የሚወጣ ሃይሉክስ አስቡ፤ በሁለተኛ ማርሽ ነው፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ቀስ እያለ ስለሚሄድ ከፊት የሚገባው ነፋስ ከቁጥር አይገባም። እዚያ ላይ የቺንጋ ፋንን የሚያህል የለም። ሽቦ የለው፣ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) የለው፣ የሚቃጠል ፊውዝ የለው። ክፍለ አገር ለሚሠራ ዲዝል፣ በተለይ ለሚጭን፣ ቦታው እስከፈቀደ ድረስ እሱን ነው የምንመክረው።

ነዳጅ ይበላል የሚባለውም ሁሌ እውነት አይደለም። ፋን ክላች (ፋኑን እንደ ሙቀቱ ከሞተሩ ጋር የሚያጠብቅና የሚያላላ ዕቃ) ያለው ፋን ራዲያተሩ ሳይሞቅ እየተንሸራተተ ነው የሚዞረው፣ ብዙ ጉልበት አይወስድም። ጉልበት የሚበላው ክላች የሌለው ወይም ክላቹ ነክሶ የቀረው ነው። ራሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ሞተሩ ጠፍቶ በደንብ ቀዝቅዞ እያለ ፋኑን በእጅ ግፉት። ትንሽ ተቋቁሟችሁ ቶሎ ከቆመ ደህና ነው። ለቅቃችሁት ብዙ ዙር በነፃነት ከዞረ ሞቷል። ዙሪያውን በዘይት ከራሰም እንደዚያው። መጀመሪያ ክላቹን ቀይሩ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ፋን ከዚያ በኋላ እናወራለን።

የኤሌክትሪክ ፋን ጥሩ የሚሆንበት ቦታም አለ፣ እሱንም አንክድም። ከሜክሲኮ ፒያሳ ለመድረስ መንገድ ላይ ቆማችሁ ስትውሉ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ስለሚሠራ የቺንጋው ፋን ይዳከማል፣ የኤሌክትሪኩ ግን ያኔም በሙሉ ኃይሉ ይነፍሳል። ወንዝ ስትሻገሩ ማጥፋትም ይቻላል፤ የቺንጋው ውሃ ሲመታ ላሜራው ታጥፎ ራዲያተሩን ሊበሳው ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የቦታ ጉዳይ አለ። አራት ሲሊንደር በነበረበት ቦታ ስድስት ሲሊንደር ቀጥ ያለ ሞተር ሲገባ በውሃ ፓምፑና በራዲያተሩ መሃል ቦታ አይተርፍም፣ ያኔ ምርጫ የለም። አንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ቺንጋው በጀርባው ስለሚያዞረው የውሃ ፓምፑ በተቃራኒ ነው የሚዞረው፤ ከሌላ ሞተር ያመጣችሁት ፋን እዚያ ላይ ቢገጠም ነፋሱን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ይገፋል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ። አንድ ደህና ፋን ከ15 እስከ 25 አምፔር ይወስዳል፣ ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያም ይበልጣል። ባትሪውን የሚሞላው የድሮ ዲዝሎች ዲናሞ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 አምፔር ነው፣ ያውም ሞተሩ ዙር ሲይዝ። ክረምት ላይ፣ ማታ፣ ዝናብ እየዘነበ ትራፊክ ውስጥ ቆማችሁ መብራት፣ ዋይፐርና የመስታወት ማሞቂያ ንፋስ ላይ ፋኑ ሲጨመር ዲናሞው አይችለውም፣ ባትሪው ነው ቀስ በቀስ የሚያልቀው። ስለዚህ ፋኑ ሲቀየር ዲናሞውም አብሮ ይታያል። ፋኑን ከቁልፉ ሽቦ ላይ በቀጥታ መስረቅ አይሆንም፤ ባለ 40 አምፔር ሪሌ፣ ከባትሪው አጠገብ ባለ 30 ፊውዝ፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ ኔጋቲቩም በዚያው ውፍረት። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ፋን ገዝታችሁ ብትመጡም እንገጥመዋለን፣ ግን መጀመሪያ ስንት አምፔር እንደሚወስድ እንለካዋለን።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታው አለ። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፈናል፣ አየሩ አንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚያቀዘቅዘው ያንሳል። ልክ የሚበቃ ፋን ሳይሆን ትንሽ የሚተርፍ ፋን የምንመርጠው ለዚህ ነው። ውሃ ደግሞ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ከያዘ ችግር የለም፣ የሚፈላበት ሙቀት ከ110 በላይ ይወጣል። ክዳኑ ካልያዘና ፋኑ በ95 እንዲነሳ ከተደረገ ግን ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ይፈላል፣ ከዚያ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በአካሉ መሃል ያለው ማሸጊያ) መቃጠል ይከተላል። ሞተር ስንቀይር ክዳኑን ሁሌ በአዲስ የምንተካው ዋጋ ለመጨመር አይደለም። እባካችሁ ክዳኑ አይቀየር አትበሉን።

የኤሌክትሪክ ፋኑን የሚያስነሳው የሙቀት ስዊችም ከቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ ከሚከፍተው በር) ጋር መስማማት አለበት። 82 ላይ የሚከፈት ቴርሞስታት ካለ ፋኑ 95 አካባቢ ይነሳ፣ 88 አካባቢ ይጥፋ። ከ82 በታች የሚያጠፋ ስዊች ከተገጠመ ፋኑ ውሎ ያድራል እንጂ አይቆምም።

ሽፋኑን አትርሱ! ብዙ ሰው ሞተር ሲያወጣ የፋኑን ሽፋን፣ ፋኑን ዙሪያውን ከቦ ከራዲያተሩ ጋር የሚያገናኘውን፣ ይጥለዋል። ያለ እሱ የትኛውም ፋን የሚስበው ከፊት ለፊቱ ያለውን ክብ ብቻ ነው፣ የራዲያተሩ ጥግ ሁሉ ነፋስ አያገኝም። የኤሌክትሪኩንም ቦታ እስካለ ከራዲያተሩ ኋላ፣ ወደ ሞተሩ በኩል እንገጥማለን፤ ከፊት ሲሆን በጉዞ ላይ የሚገባውን ነፋስ ይጋርዳል።

የድሮውን ሞተር ከመሸጣችሁ በፊት ፋኑን፣ ክላቹን፣ ሽፋኑንና ዲናሞውን ለዩና ይዛችሁ ኑ፤ የሚሆነውን እንጠቀምበታለን፣ የማይሆነውን ትወስዳላችሁ። ክላቹን እንድንፈትሽላችሁ የምትፈልጉ መኪናውን ማታ አምጥታችሁ ግቢያችን አሳድሩት፣ ጠዋት ሳይነሳ እናየዋለን።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለው ጋራዣችሁ